ውርጭ ስጠብቅ

ሰኔ እዚህ ደረቅ ነው፣ ደመና አያውቅም፤
ሌሊቱ ካልከፋ ቀን አያጠግብም።
ቦሊቪያ፣ ሰማይ ጠርዝ ላይ ነው መሬታችን፤
ዛፍ የለም፤ ላማና ነፋስ ናቸው ጎረቤቶቻችን።
ደቃቁን ድንች ለይተን፣ ሜዳ ላይ በትነን፣
ሰማይ ሰማይ እያየን ውርጭ እንጠብቃለን።

ሌላ አገር ገበሬ ውርጭ መታኝ ይላል፤
ባቄላዬን ፈጀው ብሎ ይማረራል።
የኛ ድንች ግን ሦስት ሌሊት ካልተነከሰ፣
ሦስት ማለዳ በባዶ እግር ተረግጦ ውሃው ካልፈሰሰ፣
ቹኞ አይሆንም፤ ጠጠር መስሎ፣ እንደ ላባ ቀልሎ፣
ለክፉ ቀን አይደርስም ከጎታ ውስጥ ከርሞ ውሎ።

አባቴ ካሲሚሮ ጓዳ ውስጥ ያስላል።
ሃያ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ ከተራራ ሆድ ቆፍሮ፣
ወደ መሬቱ ተመለሰ ሳንባው ላይ ድንጋይ ቋጥሮ።
የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዓይኗን ካይኔ አሽሽታ፣
"ብርድ እንዳያገኘው" አለች፤ "አንዲት ክፉ ማታ
ትበቃዋለች።"
ያለኝ አንድ አፍ ነው፣ ከሁለት ጸሎት መራጭ፦
ላባቴ ሙቀት፤
ለድንቹ ውርጭ።

ፌርሚን ወንድሜ ሳኦ ፓውሎ ነው፣ ምድር ቤት ውስጥ ልብስ ይሰፋል፤
ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ስወጣ፣ በወር አንዴ ድምፁ ይሰማል።
"አይዞሽ፣ የሚቀጥለው ወር" ይላል፤ ከኋላው የስፌት መኪናው ያጓራል።
ባለፈው ጃኬት ላከ፤ የዋጋው ወረቀት አልተነቀለም፤
አባቴ አገላብጦ አየው። "ይሄን እኔ አልለብስም፤
ሁለት ላማ ተሸክሜ ልተኛ ነው እንዴ?" አለና፣
አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው እንደገና።

እኔም ኦሩሮ ነበርኩ፤ አንድ ዓመት ነርስነት ተምሬ፣
እናታችን ስታርፍ፣ "ለቀብር" ብዬ መጣሁ ባንድ ቅያሬ፤
ዘጠኝ ዓመቴ ዛሬ።
ኤሊሴዎ የሚባል ሹፌር፣ ጨው ጭኖ በደጃችን የሚያልፍ፣
ጥሩምባውን ሁለቴ ይነፋ ነበር፣ ልቤ ደጅ ወጥቶ እንዲሰለፍ።
"ነይ፣ አባትሽንም እንውሰድ" ቢል፣ አባቴ ሳቀና በሳሉ መሀል፣
"ጨው ነኝ እንዴ የምጫነው?" አለው። አሁን በሌላ መንገድ ያልፋል።
ማንም ቅሪ አላለኝ። ብሄድስ፣ ድንቹን ማን ይርገጠው?
ሌሊት ሳል ሲያፍነው፣ ማን ቀና ያድርገው?

ዘንድሮ ውርጩ ቀረ።
ሦስት ሌሊት፣ አምስት፣ ስምንት፤ ድንቹ ማላብ ጀመረ፤
ጠረኑ ተቀየረ።
ጎረቤቴ ኢላሪያ አንዱን ጨምቃ አሸተተች፤
"ድሮ በሰኔው ዮሐንስ ምራቅ ሳይወድቅ ይረጋ ነበር" አለች፤
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቤቷ ገባች።

በዘጠነኛው ማታ በሩን ከውጭ ገጠምኩና፣
ሜዳው ጫፍ ቆሜ፣ ውርጩን፣ "ና" አልኩት፣ "ና"፤
ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዳይሰማኝ አባቴ፤
ሞቱን የጠራሁበት መስሎኝ በገዛ አንደበቴ።

መጣ።
የባልዲው ውሃ ጠጠረ፤ ውሻው መጮኹን ተወ።
የላማ ቆዳ፣ የናቴን ሻል፣ ያለኝን ሁሉ ደረብኩለት፤
እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ፣ እስኪነጋ ቆጠርኩለት።
አንዳንዱ ትንፋሽ ዘገየብኝ፣ እንደ ዘንድሮ ውርጭ፤ ጠበቅኩት።

ወፍ ሳይንጫጫ ዓይኑን ገለጠ።
"ያዘ?" አለኝ።
"ያዘ።"
"ታዲያ እዚህ ምን ጎለተሽ?"

ወጣሁ። ተረከዜ ሥር ድንቹ ሲጢጥ አለ፤
ውሃው እንደ መርፌ በጣቶቼ መሀል ዘለለ።
ደንዝዤ ዞር ስል፣ አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣
የፌርሚንን ጃኬት ለብሶ፣ የዋጋው ወረቀት ካንገቱ ተንጠልጥሎ፣
እግሩ ደረቁን አፈር ቀስ ብሎ ይረግጠዋል፣
ከኔው እኩል፤ ስፈጥን ይፈጥናል፣ ሳርፍ ያርፋል።

ገና ሁለት ሌሊት ይቀራል።