በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ

የጥር ሁለተኛው ማክሰኞ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ሰባት ወንበር፣ ስድስት ሴት።
ሰባተኛው የሳልሜ ነው፤ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል፤
ማንም አይቀመጥበትም፣ ሹራቧ ግን ተቀምጧል።

የሂዩማ ደሴት ሴቶች ክበብ ጸሐፊ ነኝ። እንዲህ ብዬ መዘገብሁ፦
«አጀንዳ አንድ፣ የጣራው ፍሳሽ። አጀንዳ ሁለት፣ የኬርቱ ጉዳይ።
በካዝና የተገኘ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዩሮ።»
ሌላውን አልጻፍሁትም፤ መዝገብ አይችለውም ኑሮ።

ኬርቱ አንዱን ልጅ አቅፋ፣ አንዱን ጎትታ፣ በሌሊት ከዚያ ቤት ወጥታ፣
እኛ ዘንድ የደረሰች በመጨረሻው ጀልባ መጥታ።
የበለዘው ፊቷ በሳምንታት ቢድንም፣
በር ሲንኳኳ የያዘችው ማንኪያ ከአፏ አይደርስም።
ሥራ አግኝተንላታል፣ አረጋውያን ቤት፣ ከደሴቲቱ ማዶ ጫፍ፤
አውቶቡሱ ግን በሳምንት ሁለቴ ነው የሚያልፍ።

ቪርቬ፣ ገንዘብ ያዣችን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ይህ የጣራው ነው! ስንት ዓመት ኬክ ሸጠን!» አለች ተቃጥላ።
ሌይዳ ከኪሮሿ ቀና ሳትል፣
«ጣራ ሲያፈስ ባልዲ አለ።
ሰው ሲፈስ በምን ይታፈሳል?»
ዝም አልን። የሚናገረው ጣራው ብቻ ነበር።

ያኔ ማይሙ ተነሣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤
ሠላሳ ዓመት የወተት መኪና የነዳች፣
ዛሬም ስትራመድ ማርሽ የምትቀይር የምትመስል።
«መኪናዬ አለች፣ እኔም አለሁ። የነዳጁን ስጡኝ።
ሠላሳ አራት ኪሎ ሜትር በእግሯ ልትሄድ ነው?»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ ሞተሩ አሥራ አንዴ ጠፋ፤
የኬርቱም አንገት አሥራ አንዴ «ይቅርታ» እያለ ተደፋ።
«መኪና ይቅርታ አይሰማም፣ ፍሪሲዮን ነው የሚሰማ» አለች ማይሙ።
«ቀስ አድርገሽ ልቀቂው። የራስሽ እግር ነው፣ የሰው አይደለም።»

የካቲት ገባ። ባሕሩ ቆመ፣
ቆሞም መንገድ ሆነ፤ በግራ በቀኝ የጥድ ቅርንጫፍ ተተክሎበት።
ችሎቱ ከባሕሩ ማዶ ነው፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስሟ ይጠራል።
መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ቀኗ ነው።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ እስክሪብቶዬን እንደ ክታብ ጨብጬ።

ከበረዶው አፍ ሰሌዳ ቆሟል፦
«ቀበቶ ማሰር ክልክል ነው።
ከሃያ አምስት በታች ይንዱ፣ አለዚያም ከአርባ በላይ።»
ማይሙ ተረጎመችው፦
«በረዶው ቢከዳን፣ ያልታሰረ ነው ዘሎ የሚወጣው።
ቀስ ያለ ይሻገራል፣ የፈጠነም ይሻገራል፤
መሃሉ ግን ከሥር ማዕበል ይቀሰቅሳል። መሃል ላይ አትቆዪ።»
ኬርቱ መሪውን እንደያዘች፣
«አውቀዋለሁ» አለች፣ «ሰባት ዓመት እዚያ ነበርሁ።»

ከዚያ ቀበቶዋን ፈታች።
ድምፁ ትንሽ ነው፤ ጠቅ።
እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሰማሁት።
በእኔ ጊዜ የሚፈታ አይመስለንም ነበር፤
እኔ የተፈታሁት ባሌን ቀብሬ ነው።
ይህንንም ለማንም አልነገርሁ፤ አጀንዳ አልነበረማ።

ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር ነጭ።
አንድ ቦታ ላይ በረዶው ከሥራችን አቃሰተ፣ እንደ አሮጌ አልጋ።
የኬርቱ እግር አላመነታም፣ አርባ አምስት፣ ሃምሳ፣
ማይሙም ዓይኗን ጨፍና የድሮ ወተቷን የምታመላልስ ይመስል፣
ቀኝ እግሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር።

መጋቢት። ከዚያው ምድር ቤት።
«አጀንዳ ሁለት፣ ተጠናቀቀ። ለነዳጅ የወጣ፣ መቶ ስልሳ ሦስት ዩሮ።
አጀንዳ አንድ፣ በይደር።»
ኬርቱ አልመጣችም፤ የሌሊት ፈረቃ አላት።
የሳልሜ ወንበርም ባዶ ነው፤ ሹራቡ ግን የለም፣
ማን እንደሰጣት ማንም አልጠየቀም።

ልጄ ከታሊን ደወለ፣ እንደ ልማዱ እየሣቀ፣
«እማዬ፣ ከዚያ ስብሰባችሁ ጠብ ያለ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።
ስልኩን ከባልዲው አፍ ላይ ያዝሁለት፤
ይስማ።