በላ ወይ?

ከሱቅ ያወጣሁት በትንሽ ዕቃ ነው፣
ክዳኑ የተበሳ፣ ትንፋሽ እንዳያጥረው፤
ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር፣
ኮቴን ከፍቼ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት፣
ከኦውሉ ወደብ እስከ እኔ ሰፈር
ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ሰረቀ ሰው፣ አመጣሁት።

በወጥ ቤት ሚዛን አርባ አንድ ግራም፣
ከአንድ እንቁላል ያነሰ፤ ቢሆንም አያፍርም፤
ቢጫ ጌኮ፣ ጥቁር ነጥብ የተረጨበት፣
ጅራቱ ወፍራም፣ ስንቁን ያኖረበት።

ሬታ፣ ሻጯ ልጅ፣ በጣቷ ቆጠረች፤
ችኩልነቴን አይታ ቀስ ብላ ነገረች፦
«ከሆዱ ሥር ሙቀት፣ ሠላሳ ሁለት ድረስ፤
በወዲያኛው ጥግ ግን አየሩ ቀዝቀዝ ይበል፣
ራሱ ይምረጥ፤ ይሂድ፣ ደግሞ ይመለስ።
እርጥብ ዋሻ አብጅለት፣ ቆዳው ሲላጥ እንዳይቸገር፤
ፌንጣውን ካልሲየም ነስንሰህ ስጠው፤
ከሁሉ በላይ ግን እጅህን ሰብስብ፣
ሁለት ሳምንት አትንካው፣ አታባብለው።
ቤት የለወጠ ፍጥረት ሆዱ ይዘጋል፤
አትደንግጥ፤ ጊዜው ሲደርስ ይበላል።»

እኔ ኦይቫ ነኝ፣ በረዶ ጠራጊ፤
ከተማው ሲያንኮራፋ ትልቁን መኪና
እየነዳሁ ነጩን ወደ ዳር እገፋለሁ፤
ሲነጋ ይሞላል፤ ሲመሽ እመለሳለሁ።
ሌሊት የሚነቃ፣ ድምፅ የሌለው እንስሳ
ለሥራዬ ይመቻል ብዬ ነው የገዛሁት።
ለሬታ ያልኳት ይኼን ነው፤ ሌላውን ተውኩት።

አንደኛው ሌሊት፦ ዋሻው ውስጥ ገባ፣ ቀረ።
ሁለተኛው፦ የአፍንጫው ጫፍ ብቻ ታየ።
ሦስተኛው፦ ፌንጣውን አየው፤ ፌንጣውም አየው፤ ተለያዩ።
በአራተኛው እኔ አጠፋሁ፦
ክዳኑን ከፍቼ ጀርባውን ዳሰስኩት፤
ጅራቱን አቁሞ ግድግዳው ሥር ሸሸ።
ይቅርታ አልኩት፣ በፊንላንድኛ፣
ሌላ ቋንቋ ስለማልችል።
መስታወቱን በፎጣ ከለልኩለት፤
ከዚያ ወዲያ በገዛ ቤቴ
በእግሬ ጣት ነው የምሄደው።

በስድስተኛው ቀን ቬንላ ከቱርኩ ደወለች።
ልጄ ናት። ከእናቷ ጋር ከሄደች ወዲህ
ድምጿ በወር አንዴ ነው፤
«በረዶው እንዴት ነው?» ትላለች፤
«ወፍራም ነው» እላለሁ፣ ወይም «ሳስቷል»፤
ከዚያ ሁለታችንም ዝም።
ያን ቀን ግን ሳላስበው «እንሽላሊት ገዛሁ» አልኳት።
ዝም አለች። ሳቀች።
«በላ ወይ?»
«አልበላም።»
በማግስቱ ደወለች። «በላ ወይ?»
«አልበላም።»
በማግስቱም።
እውነቱን ልናገር፦ በስምንተኛው ቀን
ትንሽ ቢቆይስ፣ ባይበላስ፣ ያልኩበት ደቂቃ ነበር።
አፈርኩ። ተነሥቼ ሙቀቱን ለካሁ።

በዘጠነኛው አንድ ፌንጣ አመለጠኝ፤
ማቀዝቀዣው ጀርባ ገብቶ ይዘፍን ጀመር።
ውጭው ጥር፤ መስኮቱ የበረዶ ቅጠል አብቅሏል፤
ወጥ ቤቴ ውስጥ ግን ሐምሌ ገባ፣
የዚህ አገር ሐምሌ፣ ሌሊቱ የማይጨልመው።
ላድነው አሰብኩ፤ መጥረጊያ አነሣሁ፤ መልሼ አቆምኩት።

አሥራ አንደኛው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት።
ከሥራ ገባሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ቆምኩ።
ወጥቷል!
አንገቱን ሰግጎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣
ከፊቱ ፌንጣ፣ ካልሲየሙን ለብሶ፣
እንደ ዳቦ ጋጋሪ ነጭ ሆኖ ይንጎራደዳል።
የጅራቱ ጫፍ ተርገበገበ፣ እንደ ክር።
እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ፣
እሱ ፌንጣውን።
ቀጭ።
አኘከ፤ ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ላሰ፤
ዓይኑን ቀስ ብሎ ጨፈነ፣
ከሩቅ መንገድ የገባ ሰው እንደሚጨፍነው።

ልደውል ብዬ ሰዓቱን አየሁ፤
ሰው የሚደወልበት አይደለም።
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ አንድ ቃል ጻፍኩላት፦
«በላ።»
ስልኩን ሳላስቀምጠው በራ።
ነቅታ ነበር።
«አንተስ?»

ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ።
ከጀርባው ዘፋኙ ዝም አለ።