ትራፊ አሸዋ

«ጋራ ከጀርባችሁ፣ ባሕር ከደጃችሁ፤
ሰው የለ፣ ጩኸት የለ፣ ብቻችሁን ናችሁ»
ብሎ ነው ደላላው ቤቱን ያከራየን።
ገፈርሳ፣ አስፋልት ዳር፣ ታክሲው ሲያራግፈን
ባሕር ያለው ለካ ያንኑ ግድብ ነው፤
ኮልፌ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በቢጫ ጀሪካን
ማክሰኞ ሌሊት ላይ ተሻምተን የምንቀዳው።
አስካለ ሳቀች፤ እኔ ብሬን አስታወስሁት፣
ለሦስት ሌሊት ብዬ ከወር ቀለብ የቆረጥሁት።

ቤቱ ግን ቤት ነበር፤ ጥርብ ድንጋይ ግድግዳ፣
ውኃው ላይ የሚያፈጥ የጣውላ በረንዳ፣
ወጨጫን በመስኮት የሚያስገባ ጓዳ።
ዘበኛው ኦቦ ቱፋ ቁልፉን እያስረከበ
አንዴ ሻንጣችንን፣ አንዴ እኛን አነበበ፤
«ልቅሶ ነው? ወይስ ጠብ? ምን ሆናችሁ መጣችሁ?»
«ዕረፍት ነው» ብንለው፣ «ኧረ! ከሰው ርቃችሁ?»
አፈር አፈር አይቶ፣ ጥቂት አሰበና
«አሟችሁ ይሆናል፤ እግዜር ይማራችሁ» አለና
እንጨት ሊፈልጥ ሄደ።

ከውኃው አፋፍ ላይ የአሸዋ ክምር አለ፤
ቤቱ ሲሠራ የተረፈ፣ ባለቤቱ የጣለ፣
ከሞጆ በሲኖ መጥቶ ሜዳ የቀረ፣
ድመት የጫረበት፣ ሣር የጀማመረ።
አስካለ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች፣
«ይኸው ባሕር ዳርቻ፤ ና እንጂ!» አለች።
እኔ ከነካልሲዬ፣ እኔ ከነሸሚዜ
ዳሩ ላይ ተቀመጥሁ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ።
ኔትወርክ የለውም፤ ግን እነካካዋለሁ፣
እንደ ተነቃነቀ ጥርስ፣ ትቼው እመለሳለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ወሬ አለቀብን፤
ስለ ልጁ ክፍያ፣ ስለ ዕቁቡ አውርተን
ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ባዶ እጃችንን ቀረን።
በሁለተኛው ዝናብ፤ ቆርቆሮው ሲያወራ፣
ጉሙን ተከናንቦ እስኪተኛ ጋራ፣
እሷ መስታወቱ ላይ በጣቷ ጀልባ ሣለች፤
ሲጠፋባት እንደገና። ዞር ሳትል ዋለች።

ሦስተኛው ቀን ማለዳ ጎኔን በረደኝ።
ስወጣ፣ ውኃው ዳር፣ ሹራቤን ደርባ፣ ፊቷን ለጋራው ሰጥታ፣
ሁለት ጣቶቿን ከከንፈሯ አስገብታ

አፏጨች።

ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ክር። ውኃውን ሰንጥቆ
ከወጨጫ ደረት ገባና፣ እዚያ ጥቂት ዘልቆ
ተመለሰ፤ ወፈር ብሎ፣ እንደ ወንድም «አቤት!»
ዳክዬዎች ተነሡ። እኔ ግማሼ ከደጅ፣ ግማሼ ከቤት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ትራስ ስናድር
ሚስቴ ማፏጨቷን አላውቅም ነበር።

«ማነው ያስተማረሽ?» «ማንም!» አለች፤ «ልጅ ሳለሁ
ወንዝ ማዶ ላሉ ወንድሞቼ በዚህ ነው የተጣራሁ፤
‹ሴት አታፏጭም› ሲሉኝ ዋጥሁት እንጂ አልረሳሁ።
አንተም ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

አዎ። የኔ ጥያቄ፣ «ቁልፉ የት አለ?»
«ልጁ ገባ?» «ከብሩ ስንት ጎደለ?»

መጥረቢያውን ይዞ ኦቦ ቱፋ መጣ፤
«ፉጨት እባብ ይጠራል!» ብሎን ተቆጣ።
ግን አልተመለሰም። ጆሮውን ወደ ጋራው ጥሎ
«እስቲ አንዴ ድገሚው» አላት፣ ወደ እኔ አየት ብሎ።

እኔም ሞከርሁ፤ ካልሲዬን አውልቄ፣ አሸዋው ላይ ቆሜ፤
ነፋስና ምራቅ ነው የወጣኝ በአቅሜ።
አስካለ እስክትንበረከክ ሳቀች። ኦቦ ቱፋም ሳቀ፤
«አሁን ገና ዳኑ» አለ፣ ጥርሱን እየፋቀ።

ማክሰኞ፣ ኮልፌ፣ ስምንት ሰዓት ሌሊት፣ እንቅልፍ ጥሎኝ፣
ውኃው ሳይመጣ፣ አየሩ በቧንቧው እያፏጨ ቀሰቀሰኝ።
ድሮም ያፏጭ ነበር።
እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ብርድ ልብሱን ስትስብ፣
ጀሪካኔን ይዤ፣ በባዶ እግሬ፣ በጨለማው፣
«አቤት» አልሁት።