ቅጣት፣ ዐሥር ብር

የታች ሰፈር እድር ጸሐፊው እኔ ነኝ፣
ሉማሜ ላይ ሃያ ዓመት መዝገብ ሳገላብጥ ያለሁ፤
ማን ከቀብር ቀረ፣ ማን ድንኳን አልያዘ፣
በቀይ እስክሪብቶ ከስሙ ትይዩ ዐሥር ብር እጽፋለሁ።

ገጽ ሰባ ሁለት ላይ
«ወይዘሮ አንጓች ታከለ» ይላል በእጄ ጽሑፍ፤
ቀረች፣ ዐሥር ብር። ቀረች፣ ዐሥር ብር።
ዘጠኝ ጊዜ ቀረች፤ አንዱንም አላልሁም፦ ልለፍ።

ለምን እንደ ቀረች መዝገብ አይጠይቅም፤
መስመሩ ጠባብ ነው፣ ምክንያት አያስቀምጥም።
እኛ ግን እናውቃለን።
አጥሯን ታኮ የሚያልፍ ሁሉ ድምፁን ሰምቷል፤
የብረት ድምፅ ነው፣ የታሰረ ወይፈን ይመስላል።
ወይፈን ግን ሌሊት ዳዊት አይደግምም፤
ወይፈን ግን እናቱን በስሟ አይጠራም።

ልንገረው ይባላል። የቆሎ ተማሪ ነበር፤
ሦስት ክረምት ቆይቶ ከቅኔ ቤት ሲመለስ
ወሬው ከማናውቀው ጋር ነው፣ የማይጨረስ።
«አብሾ ጠጥቶ ነው» አልን። «የለም፣ ውሃ ዳር ተኝቶ ነው።»
«ተዉት፣ ከአባቱ ዘር የመጣ ነው።»
አንዳችን እንኳ «አሞት ይሆን?» አላልንም።

ጠበል ወሰደችው፤ ወዝ አገኘ፣ ደግሞ ተመለሰበት።
በጨለማ ወደ ወንዝ መሮጥ ሲያበዛባት
ከቀጥቃጩ ቤት ሰንሰለት በዱቤ ወሰደች፤
የጓጉንቸሩን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አሰረች።
እሱ በእግሩ፣ እሷ በአንገቷ ታሰረች።

ጥር ላይ ትብለጥ መጣች፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፤
ከሾላው ሥር፣ የወሩ ስብሰባ፣ ጠላው ሳይቀመስ።
«ወባ የያዘውን አታስሩትም» አለች፣
«ሲንቀጠቀጥ አይታችሁ ‹ማን ለከፈው?› አትሉም።
ይህም በሽታ ነው፤ ኪኒን አለው፤ ከጠበሉ ጋር አይጣላም።»
አንዱ ሳቀ። ብቻውን ስለ ሳቀ አቆመ።
ጥጋቡ ግን ቀስ ብሎ፣
ስለ ሌላ ሰው የሚጠይቅ አስመስሎ፣
«ከቤት የማትወጣስ? ግድግዳ የምታዋራስ?» አለ።
ስምንት ዓመት «አዲስ አበባ ናት» ይለን የነበረች እኅቱ
ጓዳ እንዳለች ያን ቀን ሰማን፣ ከራሱ አንደበት።

ወደ ብሩ ስንመጣ፣ የኪኒኑ፣ የማርቆስ መሳፈሪያው፣
ዳኛው ደምለው ዘንጉን ተከለና «እድር ለሞተ ነው» አለ፤
«ለቆመ ሰው አንከፍልም። ሕጉ ይህ ነው።»
አንጓች ከኋላ ተነሣች፣ ቁልፏ ደረቷ ላይ፦
«እንግዲያ ልጄ እስኪሞት ልጠብቅ?
ያኔ ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣
‹ደግ ልጅ ነበር› ትላላችሁ።
‹ነበር› ከምትሉት፣ ዛሬ ‹ነህ› በሉት።»

እኔ እስክሪብቶዬን ያዝሁ፤ የምጽፈው ጠፋኝ፤
ዘጠና ብሩ ከገጹ ላይ አፈጠጠብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ሰመረ ብል ውሸት ነው።
እድሩ ከፈለ፣ ሰንሰለቱ ተፈታ፤ ግንቦት ላይ ግን ኪኒን ጠፋ፣
ልንገረው በር ሰበረ።
ሁለት ሁለት ሆነን ተራ ገብተን አደርን፤
ሳላስረው አነጋሁ፣ ስለ ገብስ እያወራሁት፣ ስለ በረዶ።
ደምለውም አንድ ሌሊት አደረ፤
ምን እንዳወሩ አልነገረንም፤
ጧት ግን ዘንጉን ረስቶ ወጣ።

ሰንሰለቱን ለእድሩ ዕቃ ቤት አደረግነው፤
ድስቱን፣ ድንኳኑን እንቆልፍበታለን።
በቀደም፣ የባንቺዓየሁ ቀብር ዕለት፣
ልንገረው ቋሚ ሊሸከም አብሮኝ መጣ።
ጓጉንቸሩ እንቢ አለኝ።
ቆሞ አየኝ፤ እሱንም አየው።
«ክረምት ክረምት ይዝጋል» አለ፤ «ቅቤ ንካው።
ወደ ግራ ነው። ቀስ ብለህ።»

ማታ መዝገቡን ገለጥሁ፤
አዲስ መስመር፣ «ልንገረው አዱኛ»፣
ከትይዩው ጻፍሁ፦
መጣ።