ፔዳል

ሃያ ሁለት ዓመት ፔዳል ረግጫለሁ፣
ፒያሳ በረንዳ፣ እዚያው ቁጭ ብያለሁ፤
እግሬ ሲገሰግስ እኔ እንደተተከልኩ፣
የሰው ሱሪ እንጂ መንገድ አላሳጠርኩ።

ጎረቤቴ አዛናው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣
መቀሱን አጥፎ፦ "ሰዎች ግንቡን ሊያዩ
ባሕር ያቋርጣሉ፤ እኛ ጥላው ሥር ሆነን፣
አንተ ክር፣ እኔ ፀጉር፣ ጠርገን ጠርገን አረጀን።
ነገ ሱቅ ይዘጋ፤
እንግዳ እንሁንላት፣ እስቲ ምን ታወጋ?"

ብስክሌት አከራዩ ጋሽ እንየው ሰዓቱን
በጠመኔ ጻፈ፣ ይዞ መታወቂያችንን፤
የቀረችው አንዲት ቀይ፣ ደወሏ የላላ።
"ለሁለት ተጋሯት፤ ብቻ ኋላ ኋላ
ዳገት ላይ ደርሳችሁ እንዳትጣሉ" አለን፤
ምክሩ የገባን ግን መንገዱ ሲያዝለን።
ቁልቁለቱን አዝላ ሽው አደረገችን፣
ዳገት በመጣ ቁጥር በየተራ አዘልናት፤
ጎንደር ላይ ብስክሌት ግማሽ ጎኗ ልጅ ናት።

ግንቡ በር ላይ ዘበኛው ኮቱን ገለጥ አርጎ፣
"ይቺን ገበር የሰፋህ አንተ አይደለህ?" አለኝ፣ ፈገግታውን ሸሽጎ።
"ነኝ" ብዬ ትኬቴን እንደ እንግዳ ቆረጥኩ፣
ደረጃውን ቆጥሬ ሰገነቱ ላይ ደረስኩ።
ከዚያ ላይ በረንዳዬ፣ ከነማሽኔ ጭምር፣
ከሸሚዝ ተበጥሶ የወደቀ ቁልፍ ነበር፤
ጎንበስ ብዬ ላነሣው እጄን ዘረጋሁ መሰለኝ፣
አዛናው በኮሌታዬ ከኋላ ያዘኝ።

ቀሃ ወረድን ደግሞ፣ ከፋሲል መዋኛ፤
ሥሩን ግድግዳው ላይ ያፈሰሰ ዛፍ እንጂ ውሃ የለም ለእኛ።
"ጀልባውሳ?" አለ አዛናው።
"ውሃው በጥር ነው" አለች አንዲት ጠራጊ፣ "አሁን ያለው ቅጠል ነው፤
ጀልባ ካማራችሁ..." በአገጯ ቁልቁል አሳየችን፣
"ጎርጎራ ነዋ!" ሚኒባስ ገባን፤ ብስክሌታችን
ጣራው ላይ ታሰረች። አዘዞን አልፈን፣ ቆላ ድባን፣
ጎማዋ ለብቻው በነፋስ ሲዞር ከላያችን ሰማን።

የእንድሪስ ታንኳ ደንገል ናት፤ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፦
"ሁለት ጎልማሳ ትችላለች፤ ብረት ግን አትጫኑባት።"
ዋርካው ሥር ብስክሌቷን ለአንድ ልጅ አደራ ሰጠን፤
"ደወሏን ከሰማችሁ አለች ማለት ነው" አለን፣
"ስትርቁም እደውላለሁ።"
ቂሊል...
ቂሊል...
ከዚያ ውሃውን ብቻ ሰማሁ።

እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጠው አጣ፤
እየሄድኩ ነበር ግን፣ ላብ ከግንባሬ ሳይወጣ።
እንድሪስ መቅዘፊያውን እንደ መርፌ እያጠለቀ ሲያወጣ፣
ጉማሬ እንዳለ ሲነግረን እንኳ ድንጋጤዬ ዘግይቶ መጣ።
ዞር ብዬ የሄድንበትን ስፌት ፈለግሁ፤
ውሃ ክር አይዝም፣ ተተርትሮ አገኘሁ።
ያኔ የሰፋሁት ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቀነ፤
ማን ለብሶት የት ሄደ? የቱ ጉልበቱ ላይ ሳሳ? የቱ የሙሽራ ሆነ?
አዛናውም ዝም አለ፣ ፀጉር ሲቆርጥ የማያርፍ አፉ፤
ጣቶቹ እንደ ማበጠሪያ ተከፍተው ሐይቁ ውስጥ ሲያልፉ
አየሁ።

ማታ ስንመለስ ጋሽ እንየው ዘግቷል፤
ብስክሌቷ በረንዳዬ ላይ አደረች፣
ሦስት ፔዳል ባንድ ሸራ ሥር ተኝቷል።

ጠዋት ሂሳብ ሲያደርግ፣ "የውሃውን ሰዓት አንሱት፤
ጎማ ያልዞረበትን ምን ብዬ ልጻፈው?"
አለና ጠመኔውን በክንዱ ፋቀው።
የአዳሯን ግን ዐሥር ብር አልማረንም።

የመጀመሪያው ደንበኛ ሱሪ ይዞ መጣ፤
"እግሩን አሳጥርልኝ፣ ሦስት ጣት።"
ለካሁ። ቀስ ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩ።
ሁለት ጣት ብቻ ቀነስኩ፤
አንዷን አጥፌ ውስጥ ተውኳት፣ እሱ ባይነግረኝም፤
ምናልባት የሚሄድበት ሩቅ ይሆናል፣
አይታወቅም።