አትርሳው ገደፋው

ሃያ ስድስት ዓመት በካርድ ክፍል ኖርኩኝ፣
የሰው ሕመም ይዤ የሰው ስም ደረደርኩኝ።
ከጣና ዳር ጤና ጣቢያ፣ ከዋርካው በስተጀርባ፣
ጀልባ ያራገፈው ሕመምተኛ ሲገባ፣
በመስኮቷ ቀዳዳ እጁን ሲያሾልክልኝ፦
«ካርዴ ጠፋኝ ጌታዬ፣ በስሜ ፈልግልኝ።»

እፈልግ ነበረ።
መሰላል ወጥቼ፣ አቧራ ውጬ አስነጥሼ፣
አይጥ የቀረጠፈውን በጣቴ ዳብሼ፣
ስንቱን ውባንቺ፣ ስንቱን አበጀ ገልጬ መልሼ።
አንዳንዴ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ግን ሲደክመኝ
«አዲስ ካርድ አውጣ» እላለሁ፤ ሰውም ያምነኝ።

አትርሳው ገደፋው የዘጌ ሰው ነበር፣
ሎሚና ጌሾውን በጀልባ የሚያሻግር።
ባየሁት ቁጥር ሁሉ በስሙ ስቀልድ፦
«አንተ ‹አትርሳው›፣ አባትህ ‹ገደፋው›፤ ለማን ልፍረድ?»
ይስቅ ነበር እሱም እስኪታይ መንጋጋው፦
«እናቴ ያለችህን ስማ፤ አያቴን ተወው!»

አንድ ሐሙስ መጣ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠው።
በ«አ» ፈለግሁ። በ«ዐ» ፈለግሁ። ካርዱን አጣሁት፤ የለም ያው።
ወረፋው በር ደርሷል፣ ሰዓቱ ስድስት ሊሞላ፣
«አዲስ ካርድ አውጣ» አልኩት፤ አላለኝም ሌላ።

ባዶ ገጽ ምን ያውቃል? ሐኪሟስ ምን ታውቅ?
ትኩሳት ያቃዠው ሰው ምን ተብሎ ይጠየቅ?
መርፌውን ወጋችው።

ጀልባዋ ማታውን ያለ እሱ ተሻገረች፣
አንዲት ከረጢት ሎሚ ወደቡ ላይ ቀረች።

*

ኋላ ኮምፒውተር መጣ። ባንቺአምላክ የምትባል
አስተማሪም መጣች፤ ዕድሜዋ ከሥራ ዘመኔ ያንሳል።
ፊደል ስለቅም ሰነበትኩ፣ በአንድ ጣት፣ እንደ ዶሮ፤
መብራት ሲሄድ ደስታ፣ ሲመጣ እሮሮ።

«አሮጌው ካርድ ሁሉ ይግባ» ተባለና
መደርደሪያው ቢነሣ፣ ከግድግዳው ሥር፣ እንደገና፣
ወርዝቶ፣ ተጣብቆ፣ ጠርዙን አይጥ በልቶት፦
አትርሳው ገደፋው፣
ቁጥር ሰባት ሺህ አርባ ሁለት።
ሽፋኑ ላይ በቀይ፦ «ፔኒሲሊን አይስማማውም። አትውጉት።»

ጽሕፈቱ የእኔ ነው።
ነርሷ እየነገረችኝ የጻፍኩት በገዛ እጄ።

ባንቺአምላክ አየችው፤ «ሞቷል እኮ» አለችኝ፣
«በሕይወት ያለው ይቅደም፤ ግደፈው» ብላ አዘዘችኝ።

ግደፈው!
ከቃል ሁሉ መርጣ።

አልገደፍኩትም። እስኪመሽ ተቀምጬ ለቀምኩት፣
ቀዩን በቀይ ጻፍኩት፣
የእናቱን ስም ሁለቴ አይቼ አስገባሁት።

*

ባለፈው ሰኞ አንዲት ልጅ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ከጀልባ ወርዳ
መስኮቴ ፊት ቆመች፣ ካርድ የላት፣ እጇ ባዶ፣ እንግዳ።
«ስም?»
«ይርገዱ አትርሳው።»
ጣቴ ቆመ።
«የአያት?»
«ገደፋው።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ የሦስት ቃል ጽሕፈት።
የደም ዓይነቷ፣ ክትትሏ፣ ያለፈው ወር የደም ግፊት፣
ከጤና ኬላው የተላከው ሁሉ፣ እሷ ሳትቀመጥ ወጣ።
አባቷ እስከ ቀትር የጠበቀበት አግዳሚ
ቀሚሷን እንኳ አልነካ።

«ሰባት ቁጥር ግቢ።»
ዞር አለች፦ «ካርድስ?»
«አያስፈልግም» አልኳት፤
ኪሴ ውስጥ የዚያን ክፍል ቁልፍ ጨብጬ ሸኘኋት።