ፊት የነሡት ነሐስ

ሳትልምሽ ይባላል፤ ትርጉሙም «ተሽጧል»።
ከያታጋን ከሰል ሥር ሠላሳ ዓመት ቆፍሯል።
ረቡዕ ማለዳ፣ ሙዚየሙ ሲከፈት፣
በሲጋራ ወረቀት የጠቀለለውን ብረት
ጠረጴዛዬ ላይ በዝግታ ዘረጋ፤
«እንዳትስቂ» አለኝ፤ «ላይኖረው ይችላል ዋጋ።»

ነሐስ ነው፤ ወፍራም ነው፤ እንደ ተመጠጠ ከረሜላ
ዳር ዳሩ የሟሟ፣ መሃሉ የተበላ።
ጎፈር የለው፣ ዘውድ የለው፤ ሽቅብ ቢወረወር
ማን እንደ ረታ እንኳ ለልጅ አይናገር።

ሚዛን ላይ አኖርኩት፤ ሃያ ስድስት ግራም።
ያለ ጥርጥር የማውቀው ከዚያ አያልፍም።
መብራቱን አጋደምሁ፣ ከጎን፣ ዝቅ አድርጌ፤
ሃያ ዓመት የኖርሁበት ይኼ ነው ማዕረጌ፦
ብርሃን የደበቀውን ጥላ እስኪያወጣ
መጠበቅ። ቀስ እያለ ከግራው አንድ ጢም መጣ፤
ከጢሙ በላይ ጉንጭ፣ ከጉንጩ በላይ አክሊል፣
አፍንጫው ያለቀ፣ ዐይኑ ግን የሚያይ የሚመስል።

ፊት ለፊቱ ግን ምንም።

ምንም ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው የመዳፍ ነው፤
ከሺሕ ኪስ፣ ከሺሕ ጣት፣ ሳይታወቅ የሚመጣው፤
ወዝ አለው፤ ይለሰልሳል፤ ማንም አልመከረበት።
ሌላኛው የመሮ ነው። ጥፍሬን ሳስኬድበት
ያዘው። አንድ ሰው እዚህ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣
ፊት ሲፍቅ ውሏል፣ ከሩቅ በመጣ ቃል ታዝዞ።
ጆሮውን ግን ትቶታል፤ ረስቶት ይሁን አዝኖ
አላውቅም፤ ብቻ ቀርቷል፣ ሜዳ ላይ ጆሮ ሆኖ።

«ጴርጋሞን ነው» አልኩት፤ ድፍረት ነበር፤ ተሳሳትኩ።
«ኤፌሶን»፤ ይኼንንም መጽሐፍ ገልጬ ሰረዝኩ።
ጉልፊዳን ሻይ አመጣች። ሻዩ ቀዘቀዘ።
ሳትልምሽ ገለበጠው፤ በአውራ ጣቱ ያዘ፤
ያ ጣት በጨለማ ድንጋይ ከከሰል የለየ፣
ዐይኑን ጨፍኖ ዳበሰው፤ ቆየ፣ ቆየ፣ ቆየ።
«ሴት ናት» አለ። «ቆማለች። እጇ ላይ ችቦ አለ።
እግሯ ሥር ደግሞ ውሻ።»
                    ውሻ! ዘለልሁ ከወንበሬ፤
በመነጽር ያመለጠኝን ጣት አየችው ዛሬ።

«ይቺ የመንታ መንገድ እመቤት ናት፤ ቤቷም
ኤስኪሒሳር አጠገብ ነው፤ ካንተ ሰፈር አይርቅም።»
«ሰፈሬማ የለም» አለ። «ከሰል ከሥሩ ነበረ፤
ቤቱም ዛፉም ተነቅሎ መንደሩ ተሻገረ።»

ከዚያ ሁሉም ተከተለ፣ እንደ ተተረተረ ሹራብ፦
ሁለት ወንድማማች፣ ባንድ ዙፋን፣ ባንድ ረኃብ፤
አንዱ አንዱን አስገደለ፣ በእናቱ እቅፍ እያለ፤
«ስሙ አይጠራ፣ ፊቱ አይታይ» ብሎም ላከ፣ አስማለ።
ከተሞቹም ታዘዙ። ፊት ነሡት፤ በእውን ነሡት፤
እኛ በአነጋገር የምንለውን እነሱ በመሮ ሠሩት።

ግን ፊት የሌለው ነሐስ ዳቦ አይገዛም፤ ገበያው ፈራ።
አንዱ ሹም አሰበበት፣ ትንሽ ማኅተም አሠራ፤
በተፋቀው ጉንጭ ላይ መታው፤ አራት ፊደል ነበሩ፣
ሁለቱ ጠፍተዋል፣ ሁለቱ በጭንቅ ይናገሩ፦
«የአምላክ»። ማለትም፦ ይሄዳል፤ ተቀበሉት፤
ቁስሉን አትጠይቁ፤ ጨው ግዙበት።

ገዳዩስ? የእርሱን ፊት ማን ፋቀው? ማንም አላዘዘ።
ዓሣ የሸጠ ጣት፣ ወይን የከፈለ፣ የታረዘ፣
የዳረ፣ የተካሰሰ፣ በየተራው ዳሰሰው፤
አፍንጫውን አንዱ ወሰደ፣ ከንፈሩን ሌላው ጨረሰው።

ካርዱ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ገዢ፦ ሁለት። አንዱ አይታይም።
ያሳወቀኝ ያልታየው ነው።»
ይኼኛውን ሰረዝኩት፤ ለካርድ አይሆንም።

«ስንት ይገዛ ነበር?» አለኝ ሳትልምሽ ሊወጣ።
አላውቅም አልኩት። ሳቀ። «እናቴ ልጅ አጥታ አጥታ
እኔን ለጎረቤት ሸጠችኝ፣ ሞት እንዳያውቀኝ ብላ፤
በስንት እንደሆን ሳትነግረኝ ሄደች፤ አፈር በላ።»

ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ወረደ ደረጃውን።
አውራ ጣቱ ባዶ መዳፉ ላይ ይዳብስ ነበር፣ ውሻውን።